ፍላንጀር ወይስ ፍላንገር? ለባህር ዳር ጊታሪስቶች የዕቃ ስም አጠራር

ጥር ሲገባ ባህር ዳር ላይ ጊታር የሚመታ ሰው ሥራ አያጣም። ሰርጉ አለ፣ ጥምቀቱ አለ፣ ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎችም ባንድ ይፈልጋሉ። ከፖሊና ከፔዳ ግቢ እየወጡ የሚያጅቡን ልጆች ጣታቸው ፈጣን ነው፣ ጆሯቸውም አይታማም። የሚቸገሩት ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ከሥራው በፊት ድምፅ ሲሞከር ነው። ልጁ የፔዳሉን፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይረውን ሳጥን፣ ስም ላዩ ላይ አንብቦታል እንጂ ሲጠራ አልሰማም፤ ሳውንድ ማኑ ደግሞ ሲጠራ ሰምቷል እንጂ ጽሑፉን ልብ ብሎ አያውቅም። አንዱ «ፍላንገሩ በዛብኝ» ይላል፣ ሌላው ምን እንደተባለ ሳይገባው ሞኒተሩን ይቀንስበታል። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ማይክ ውስጥ ገብቶ ግማሹን ቃል ይበላዋል።

እኔ ሊድ ጊታር እመታለሁ፣ ሰው ሲጠፋም ሚክሰር ላይ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምከተለው ደንብ ብዙ አይደለም። ዕቃውን የሚያቀብላችሁ ሰው ሰምቶ ትክክለኛውን ካነሳ አጠራራችሁ ደህና ነው። ስሙ የሰው ስም ከሆነ ግን ባለቤቱ ራሱን በሚጠራበት መንገድ ጥሩት። አገር የተስማማበትን ደግሞ አትነካኩ። «ቤዝ ጊታር» የምንለው ፈረንጁ አፍ ላይ «ቤስ» ነው፣ መጨረሻው ላይ ዝ የለም። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ሁሉም ቤዝ ካለው በኋላ ተነስቶ ላቃና የሚል ሰው ግን ሥራ ፈት ነው።

ኢፌክቶቹ

ኮረስ። ጽሑፉ ላይ ሲኤች አይቶ «ቾረስ» የሚል አይጠፋም። ቃሉ ምንጩ ግሪክ ነው፤ ከግሪክ የመጣ ሲኤች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክ ነው፣ «ኤኮ» እንደምንለው ማለት ነው። ኮረስ ድምፁን ይቀዳና ቅጂውን ሃያና ሠላሳ ሚሊሰከንድ ያህል አዘግይቶ፣ እያወዛወዘ ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል፤ አንድ ጊታር ብዙ ሆኖ ይሰማል። የሮላንድ ቅርንጫፍ የሆነው ቦስ የመጀመሪያውን የኮረስ ፔዳል ሲኢ ዋንን በ1976 ያወጣው ሮላንድ ከዓመት በፊት ጃዝ ኮረስ በተባለው አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ያስገባውን ሰርኪውት ለብቻው አውጥቶ ነው።

ፍላንጀር። እዚህ ላይ ጂ «ጀ» ነው። ምክንያቱን ካወቃችሁ ሁለተኛ አትረሱትም። በቴፕ ዘመን ሁለት ማጫወቻዎች አንድ ዓይነት ቅጂ እኩል ይለቃሉ፤ ቴክኒሻኑ ያንደኛውን ጥቅል ጠርዝ በጣቱ ነካ ያደርገዋል። በዚያች ቅጽበት አንዱ ካንዱ በትንሹ ይዘገይና ድምፁ እንደሚያልፍ ጄት እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ያ የጥቅሉ ጠርዝ «ፍላንጅ» ይባላል። ከፍላንጅ ፍላንገር አይወጣም። መዘግየቱ ከኮረስ በጣም ያነሰ፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

ፌዘር። «ፋሰር»ም «ፓዘር»ም ሰምቻለሁ። ፒኤች ፍ ነው፣ ኤ ደግሞ እዚህ «ኤ» ተብላ ትነበባለች። ብርቱካንማ ሆኖ አንድ ማዞሪያ ብቻ ያለው የኤምኤክስአር ፔዳል በ1974 የወጣው ፌዝ ናይንቲ ነው። ፌዘር ድምፁን አያዘገይም፣ በፊልተር ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ከፍላንጀር ለስለስ ይላል። ሳውንድ ማኑ «የቱ ነው?» ካላችሁ ፍላንጀሩ ብረት ብረት የሚለው ነው በሉት፣ ይገባዋል።

ሪቨርብ፣ ዲሌይ፣ ኦቨርድራይቭ፣ ዲስቶርሽን ላይ ችግር አይቼ አላውቅም። ፈዝ ላይ ግን ዩ አይቶ «ፉዝ» የሚል አለ፤ ፈዝ ነው። የኤሌክትሮ ሃርሞኒክሱም «ቢግ መፍ» እንጂ «ቢግ ሙፍ» አይደለም።

ትሬሞሎና ቪብራቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጣጣው አጠራሩ ላይ ስላልሆነ። ትሬሞሎ የድምፁን ጉልበት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ቪብራቶ ደግሞ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ያወዛውዛል፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጭራው ላይ ጣቱን ሲያንቀጠቅጥ የምትሰሙት ቪብራቶ ነው። ጊታርና አምፕ ሠሪው ሊዮ ፌንደር ሁለቱን አገለባብጦ ሰየማቸው። በ1954 በወጣው ስትራቶካስተር ላይ ያለውን መወጠሪያ ዘንግ «ትሬሞሎ» አለው፣ ሥራው ግን ቪብራቶ ነው። አምፖቹ ላይ «ቪብራቶ» ብሎ የጻፈበት ቻናል ደግሞ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ማለትም ትሬሞሎ ነው። እስከ ዛሬ ዓለም በሞላ የሱን ስያሜ ይዞ ይጨቃጨቃል። ስለዚህ «ትሬሞሎ አለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ባለጊታሩ ዘንጉን ነቅሎ ያመጣላችኋል። «የትሬሞሎ ፔዳል» ወይም «የስትራት ዘንግ» በሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ከአማርኛ ጋር የሚጋጩት

አጠራሩን አስተካክላችሁም የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ ሌላ ነገር ሲሆን። መድረክ ጨለማ ነው፣ ድራመሩ ያንኳኳል፣ ሰሚው የሚይዘው የሚያውቀውን ቃል ነው።

ዋ ፔዳል ዋነኛው ነው። አንዲት «ዋ!» ከመድረክ ስትወረወር አስጠንቃቂ ናት፤ ሰው እጁን ይሰበስባል እንጂ ፔዳል አያቀብልም። ደግመን «ዋዋ» የምንለው ለዚህ ነው፣ ፈረንጁም ቢሆን ዋዋ ይላል። ዱንሎፕ የሚሠራውን «ክራይ ቤቢ» ብላችሁ ብትጠሩትም ያስኬዳል።

ፕሮኮ በ1978 ያወጣው ጥቁሩ ዲስቶርሽን የአይጥ ስም ነው ያለው። በፊደል «ራት» ብላችሁ ጻፉት፣ እራት ይሆናል። ወደ ፈረንጁ አፍ አስጠግታችሁ «ሬት» በሉት፣ የሚመረው ሬት ይመጣል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ማንም ሳይበላ፣ «ራት ይዘሃል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ የተሰጠውን መልስ እዚህ አልጽፈውም። «ራት ዲስቶርሽን» ብላችሁ ሁለቱን ቃል አንድ ላይ አውጡ።

ቦስም እንደዚያው ነው። ከተማው ውስጥ ባለጉዳዩም ባለባጃጁም «ቦስ» ነው፤ «ቦስ፣ ቦሱን አቀብለኝ» ማለት ያስቃል እንጂ አያስኬድም። ሞዴሉን ጥሩ። ዙም ዛሬ ስብሰባ ሆኗል፤ «የዙም መልቲ ኢፌክት» በሉ። ኮረስ ደግሞ የባህር ዳር ብቻ ችግር አለበት፤ ቆሮሶ እዚህ ከጣና የሚወጣ ዓሣ ነው። ዓሣ ቤት ውስጥ «ኮረስ ጨምርልኝ!» ብሎ የጮኸ ጊታሪስት አስተናጋጇን ሲያስዞራት በዓይኔ አይቻለሁ።

የሰውና የድርጅት ስሞች

ሞግ። ሁለት ኦ ስላለው ሁሉም ሰው «ሙግ» ይለዋል። ሮበርት ሞግ (1934–2005) ራሱን የሚጠራው «ሞግ» ብሎ ነበር። እኛ ደግሞ ሞ የሚል ፊደል አለን፣ ሰበብ የለንም። ፔዳሎቹም «ሞገርፉገር» ናቸው።

ቤሪንገር። ፍላንጀር ላይ ጂ «ጀ» ነው ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን «ገ» ነው፤ ስሙ ጀርመንኛ ነውና። ኡሊ ቤሪንገር ድርጅቱን በ1989 ጀርመን አገር ሲመሠርት የራሱን ስም ነው የሰጠው። መሀል ያለችው ኤች አትነበብም፣ ቤ ን ትንሽ ትጎትታለች እንጂ። በየአዳራሹ የዚህ ድርጅት ሚክሰር ስላለ «ቤህሪንጀር» የሚለውን በየቀኑ እሰማለሁ። በዚሁ በጀርመንኛ ደንብ «ኢዩ» ተብሎ የተጻፈ «ኦይ» ነው፤ ማይኩ ኖይማን ነው፣ «ኒውማን» አይደለም። ዜንሃይዘርን እንግሊዞች «ሰንሃይዘር» ይሉታል፤ ሁለቱም ያስኬዳል።

ሹር። «ሹሬ» አይደለም። ሲድኒ ሹር በ1925 ቺካጎ ላይ የጀመረው ቤት ነው፤ በእያንዳንዱ መድረክ ላይ የምታዩት ፊፍቲ ኤይት ማይክ ከ1966 ጀምሮ አለ። «ሃምሳ ስምንቱን ስጠኝ» ብትሉ ሳውንድ ማን ይገባዋል፣ ግን ሁሉም ፊፍቲ ኤይት ነው የሚለው።

የጃፓኖቹ ስም ላይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ እንሻላለን። የጃፓን ጽሕፈት እንደ ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢ ጋር አንድ ላይ የሚጽፍ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ድምፅ እንዳለች አውጥታችሁ ካነበባችሁ ትክክል ናችሁ። ታካሚኔ አራት ፊደል ነው፣ ልክ በእኛ እንደተጻፈው። አሜሪካኖች «ታካሚኒ» ሲሉ ብትሰሙ አትደናገጡ። ያማሃም እንዲሁ። ሮላንድ ጃፓናዊ ስም ያልሆነው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ1972 ኦሳካ ላይ ድርጅቱን ሲመሠርት በውጭ ገበያ አፍ ላይ የሚቀል ስም ፈልጎ ስለሰየመው ነው።

ኢባኔዝን ደግሞ ተዉት እንዳለ። ሆሺኖ ጋኪ የተባለው የናጎያ ድርጅት ስሙን የወሰደው ጊታሮቹን ያስመጣለት ከነበረው ከስፔናዊው ሠሪ ከሳልቫዶር ኢባኜዝ ነው። ስሙ ስፔንኛ፣ ድርጅቱ ጃፓናዊ፣ አሜሪካኖች ደግሞ «አይባኔዝ» ይሉታል። በዚህ ሁሉ መሀል የእኛ «ኢባኔዝ» ከማንም አያንስም።

ስኳየር ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። የመጀመሪያ ጊታራችሁ ሊሆን ይችላል፣ ቢያንስ ስሙን እወቁለት። ፌንደር በ1965 የገዛው የሚሺጋን የክር ፋብሪካ ስም ነበር፤ ከ1982 ወዲህ የርካሽ ጊታሮቹ ስም ሆነ። «ስኪየር»ም «ስኩየር»ም አይደለም።

ሌስ ፖል «ሌዝ» የለውም፤ ሌስ ሌስተር ከሚለው ያጠረ የሰው ስም ነው። ግሬች አንድ ትንፋሽ ነው፣ «ግሬትሽ» ብላችሁ አትከፋፍሉት። ኤፒፎን ደግሞ ከኤፒ ስታቶፑሎ ስም የወጣ ነው፣ «ኤፒፎኔ» አትበሉ።

ድራመሮች እንዳትቀየሙ፣ ዚልጂያንንም ላንሳ። በ1623 ኢስታንቡል ላይ የተጀመረ የአርመኖች ሲምባል ቤት ነው፤ «ዚል» በቱርክኛ ሲምባል ነው፣ «ጂ» ሠሪውን ያሳያል፣ «ያን» የአርመን የቤተሰብ ስም መጨረሻ ነው። ይሄ «ያን» ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1924 አዲስ አበባ የገቡትን የአርመን ሙዚቀኞች፣ አርባ ልጆችን፣ የመራው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ናልባንዲያንን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው ዚልጂያን አይከብደውም።

አንድ የፊደላችን ጉድለት

እነዚህን ስሞች በፕላስተር ላይ በፊደል ጽፋችሁ ፔዳሉ ላይ ለጥፉ፤ አናባቢው ሁሉ ስለሚታይ ከላቲኑ ይሻላል። የማያሳየው ማጥበቅና ማላላትን ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ እንደኛ «አለ» እና «አለ»ን የሚለይ ጥብቀት የለም፤ ስለዚህ ሲቸግራችሁ ሁሉንም አላልታችሁ ጥሩ። «ሜሳ ቡጊ» የሚባለው አምፕ ሲጠራ ሳም ገም አይጠብቁም። ልጆቻችን የፔዳል ዳን፣ የቡጊ ገን ሲያጠብቁ ፈረንጅ ቴክኒሻን ፊት ቆሞ ሌላ ቃል የሚሰማ ይመስለዋል።

ስሙን ጨርሶ የማታውቁት ዕቃ ሲገጥማችሁ ሻጩ ሳይሆን የሠራው ድርጅት ራሱ የለቀቀውን ቪዲዮ ክፈቱ። ስሙን ከመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ይጠሩታል። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሳችሁ ስሙ፣ ወዲያው በፊደል ጻፉት።

በስልክ ሲታዘዝ

ባህር ዳር ላይ የምትፈልጉት ፔዳል ብዙ ጊዜ የለም፤ ከአዲስ አበባ በስልክ ታዝዞ በአውቶቡስ ይመጣል። ከፖሊ የመጣ አንድ ተማሪዬ የኢባኔዝ ቲኤስ ናይን አዘዘ። ሱቁ «ዲኤስ ነው?» ሲለው «አዎ» አለ፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ቲና ዲ ደግሞ በስልክ አይለዩም። የደረሰው ቦስ ዲኤስ ዋን ነው። ቲኤስ ለስላሳ ኦቨርድራይቭ ነው፣ ዲኤስ ሻካራ ዲስቶርሽን። ሱቁ አልመልስም አለ፤ ልጁ እስከ ዛሬ በዲስቶርሽኑ ትዝታ ይመታል፣ ደግነቱ አይከፋም።

ስለዚህ ቀለሙን አስቀድሙ፦ ቲኤስ ናይን አረንጓዴ፣ ዲኤስ ዋን ብርቱካንማ። ከዚያ ፊደሉን በአገር ስም አስይዙት። እኔ የምጠቀመው የራሳችንን ነው፦ ቲ የጣና፣ ዲ የዳንግላ፣ ቢ የባህር ዳር፣ ጂ የጎንደር፣ ኤም የመራዊ፣ ኤን የነፋስ መውጫ፣ ዜድ የዘጌ። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ ይስቅባችኋል፣ ግን ዕቃው ሳይሳሳት ይመጣል።

አዳፕተር ስታዙ «ዘጠኝ ቮልት» ብቻ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። «መሀሉ ኔጌቲቭ» በሉ። ቦስና አብዛኞቹ ፔዳሎች እንደዚያ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ትንሽ ክብ ሥዕል መሀሉ ላይ የመቀነስ ምልክት አለው። ለኪቦርድ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

የማዞሪያ ሰዓት

ማዞሪያው በእንግሊዝኛ «ኖብ» ነው፣ ፊት ያለችው ኬ አትነበብም። ትልቁ ስህተት ግን ሰዓቱ ላይ ነው። የፈረንጅ መመሪያ «ጌይኑን ትዌልቭ ኦክሎክ ላይ» ይላል። ትርጉሙ ምልክቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያመልክት ነው። አንዳንዱ ልጅ እንደ ቀጠሮ ሰዓት ቀይሮ «ስድስት ሰዓት ላይ አድርገው» ይላል። ሳውንድ ማኑ የሚያስበው የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ስድስት ቁጥር ደግሞ ታች ናት፣ አብዛኛው ማዞሪያ ከሰባት ተነስቶ አምስት ላይ ስለሚቆም እዚያ ጨርሶ አይደርስም። የማዞሪያ ሰዓት አይቀየርም። መግባባት ካልተቻለ «ቀጥ ብሎ ወደ ላይ»፣ «ትንሽ ወደ ቀኝ» በሉ።

ታላላቆችን ስለማረም

አታርሙ። በተለይ ሰው ፊት።

ከእኛ ቀድመው መድረክ ያዩት ኪቦርዱን «ኦርጋን» ይላሉ፣ ሪቨርቡንም ዲሌዩንም «ኤኮ» ይላሉ። መሠረት የሌለው ነገር አይደለም፤ ሮላንድ በ1974 ያወጣው ስፔስ ኤኮ በአንድ ሳጥን ውስጥ የቴፕ ኤኮም የስፕሪንግ ሪቨርብም ነበረው። ስለዚህ «ልጄ፣ ኤኮ ጨምርልኝ» ሲሏችሁ «ጋሼ፣ የሚደጋግመውን ነው ወይስ የሚያስተጋባውን?» ብላችሁ ጠይቁ። «የሚደጋግመውን» ካሉ ዲሌይ ነው፣ «የሚያስተጋባውን» ካሉ ሪቨርብ። «ሁለቱንም» ካሉ ዲሌዩን በትንሹ፣ ሪቨርቡን ከሱ ከፍ አድርጉት፤ ሐይቅ ዳር ክፍት ቦታ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ትንሽ ቢበዛም ይሸከማል።